«ያንተ ሱቅ ለምን ተረፈ?»

ወልድያ ያስገቡኝ ክፍል እስር ቤት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ የተዘረጋ የሰው እግር ብቻ። ፖሊሱ «ግባ፣ ቦታህን ፈልግ» አለኝና ከኋላዬ ቆለፈው።

ጎሚስታ ነኝ። መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ የከተማው ሰው ግማሹ ሸሸ። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ስለነበረች እኔ ትቻት ልሄድ አልቻልኩም። ከተማውን ከያዙት ታጣቂዎች ጋር ጥቂት ቀን እንደኖርን አንድ ነገር ገባኝ፦ የተቆለፈ ሱቅ ይሰበራል፤ ክፍት የሆነው ግን ሰው ስላለበት ብዙውን ጊዜ ይታለፋል። ስለዚህ ከፈትኩ። የፈሰሰ ጎማ ይዘው ሲመጡ ጠገንኩላቸው። ኮምፕሬሰሬን ቢወስዱብኝ እኔም እናቴም የምንበላው አልነበረንም። ግንባሬ ላይ ጠመንጃ የደቀነ የለም፤ ትከሻቸው ላይ ግን ነበር። «አይሆንም» ብላቸው ምን እንደሚመጣ ልሞክረው እንዴ? ወላሂ አልሞከርኩትም።

እነሱ ለቀው መንግሥት ሲመለስ፣ ከረድፉ ያልተሰበረ በር የኔ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሰው ጠቆመና ተያዝኩ። መርማሪው ደጋግሞ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ያንተ ሱቅ ለምን ተረፈ?»

ለዚህ በምሰጠው መልስ ወይ እናቴ ዘንድ እመለሳለሁ፣ ወይ «ከጠላት ጋር ተባብሯል» ተብዬ እከሰሳለሁ።

«ክፍት ስለነበር» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ እንዴት አድርጎ እንዳናደደኝ!

አጠገቤ የሚተኙት ከግራና የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባለ ሱቅ ናቸው። በዚያው ግርግር አንድ የአገራቸው ሰው የስኳር ጆንያቸውን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል በመጥረቢያ ዛቢያ መቱት፤ ክንዱ ተሰበረ፣ ቤተሰቡ ከሰሳቸው። እሳቸው በመምታታቸው፣ እኔ ባለመምታቴ፣ አንድ ግድግዳ ተደግፈን ቁጭ ብለናል። ወይ ጉድ!

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉኝ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።»

ከክፍሉ ጥግ በተናገረው ነገር የታሰረ አንድ ጠበቃ ነበር። ወደ እኛ ዞሮ፣ «አባቴ፣ ሕጉ እኮ ይፈቅድልዎታል» አላቸው። «ያለ አግባብ ከመጣብዎት ሰው፣ ሌላ ማምለጫ ከሌለዎት፣ ራስዎንም ንብረትዎንም መከላከል ይችላሉ። ልኩን አይለፉ ነው የሚለው።»

«ልኩ ስንት ነው?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ስኳር በኪሎ ሸጬ አውቃለሁ፤ ዱላ በኪሎ መዝኜ አላውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ውስጤን ይበላኝ ነበር።

«ያልመታ ሰውስ?» አልኩት ጠበቃውን። «ጎማ እየጠገነ ቤቱን ያተረፈስ?»



«ያ አንቀጽ ለመታ ሰው ነው። አንተ ተገድጄ ነው በል።»

«ማን አስገደደኝ ልበል?»

«ጠመንጃው ነዋ።»

ይህን ለመርማሪው እንዴት እንደማስረዳው ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ጠመንጃውን አሳየኝ ቢለኝ ከየት አመጣለታለሁ?

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። «ጎሚስታው ማነው? ውጣ!»

ሽማግሌው «አላህ ይቅደምልህ» አሉኝ። ወጣሁ። ምርመራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግቢው ውስጥ የፖሊስ ፒክአፕ ቆሟል፤ የኋላ ጎማው መሬት ነክቷል። ክሪኩና መሣሪያው ወርዷል። መርማሪው እጅጌውን ጠቅልሎ ይንቆራጠጣል።

«ቶሎ ጠግነው። መርሳ ወርደን ያንተንና የመሰሎችህን ጉዳይ የምናጣራው ዛሬ ነው።»

ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ሚስማሩ ከነአናቱ ይታያል። እጄን ግን አልዘረጋሁም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅ ጌታዬ። አዘውኝ ነው ወይስ ለምነውኝ?»

«ምን አልክ?»

«ካዘዙኝ፣ ጠመንጃ ያለው ሰው አዞኝ ጠገንኩ ማለት ነው። መርሳም የሆነው ይኸው ስለሆነ ቃሌ ላይ ይጨመርልኝ። ከለመኑኝ ደግሞ ሥራዬ ነው፤ ጎማ የፈሰሰበት ሁሉ ደንበኛዬ ነው።»

ከኋላዬ የነበረው ፖሊስ «ይሄ ባለጌ!» ብሎ ሰደፉን አነሳ። ጀግና ነበርኩ አልልም። ንዴቱ ከፍርሃቴ ቀድሞ ነው እንጂ ያን ሁሉ ባልተናገርኩም። መርማሪው ፖሊሱን በእጁ ምልክት አስቆመውና አየኝ። ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት፤ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«እባክህ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ግን ብሏል።

ፈታሁት። ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ አውጥቼ ለጠፍኩ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋ አለማውጣቱን አሳየሁት፣ በእግር ፓምፕ እስኪያልበኝ ሞላሁት። ለደንበኛ እንደምሠራው አድርጌ ሠራሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከታሰርኩ ጀምሮ ከፖሊሶቹ ወገን እንደ ሰው ያናገረኝ የለምና።

ሰንብቶ አስጠራኝ። መርሳ ሄዶ ጎረቤቶቼን ጠይቋል። «ክፍት ስለነበር ነው ያልከውን እንዳልከው ጽፌዋለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሂድ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች።» ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። የግራናው ሽማግሌ ከኔ በኋላም ቆዩ፤ ኋላ አገር ሽማግሌ ገብቶ ክንዱ ከተሰበረው ሰው ጋር እንዳስታረቃቸው ሰማሁ። ሕጉ ልኩን ሳይነግራቸው ቀረ።

እናቴን ደርሼባታለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ሱቄም ዛሬ ክፍት ነው። ማን እንደጠቆመኝ መርማሪው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አንዳንድ ሰው «ብታውቀው ምን ታደርገው ነበር?» ይለኛል። መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ ጎማ ጠጋኙም ጥቂት ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ጎማው ፈስሶ መምጣቱ አይቀርም። ምናልባትም ሳላውቀው መጥቶ፣ «እንዴት አደርክ» ብሎኝ፣ እኔም «አልሐምዱሊላህ» ብዬው፣ አሳምሬ ሞልቼለት ሄዷል።