በሆሳዕና ቀን የለካሁት አውራ ጣት

ሥራ የጀመርኩት ሄይዋርድ ውስጥ በአንድ ቦውሊንግ ቤት፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ነው። ሃይስኩል በጨረስኩ በሳምንቱ ወንድሜ ያሬድ በጠዋት መጥቶ ብርድ ልብሱን ገፈፈኝና «ተነሥ አቡሽ፣ ሥራ አግኝቼልሃለሁ» አለኝ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ስጠይቀው «የወደቀ ማንሣት» አለ።

ያሬድ ያን ጊዜ በሳምንት አራት ቀን ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴነር የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በቀሩት ቀናት የቦውሊንግ ቤቱ መካኒክ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሲያናድደኝ ብቻ «ወንድም ጋሼ» እለው ነበር።

ከማሽኖቹ ጀርባ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። በአንድ በኩል ግድግዳ ነው፤ በሌላው በኩል ሃያ አራት ማሽን ተደርድሯል። ኳስ በመስመሩ ጫፍ የቆሙትን አሥር የእንጨት ፒኖች ሲመታ ድምፁ ከፊት ለፊት ደስ ይላል። ከጀርባ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚያዘንቡ ይመስላል። ማሽኑ የወደቁትን ይጠርጋል፣ ያነሣል፣ መልሶ ያቆማል። ያሬድ መጀመሪያ ያሳየኝ ማጥፊያውን ነው። «እጅህን ከማስገባትህ በፊት ታጠፋለህ። አጥፍተህ ደግሞ ቼክ ታደርጋለህ። ጣት መለዋወጫ የለውም።»

በዚያው ቀን ዘጠነኛው ማሽን ላይ ፒን ተቀረቀረ። እኔ ሮጬ ስምንተኛውን አጠፋሁ። ከፊት ያሉት ደንበኞች መጮህ ጀመሩ። ያሬድ መጥቶ አየና ሳቀብኝ። «የሚሠራውን አጥፍተህ የተበላሸውን ተውከው። አንተ ሥራ አስኪያጅ ነው የምትሆነው።»

ሥራ ስንጨርስ ወደ ፊት ወሰደኝና አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲወረውር አየሁት። በቤት የማውቀው ወንድሜ ወገቡን የሚያመው፣ ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው ነው። መስመሩ ላይ አምስት እርምጃ ተራመደ፣ ተንሸራተተ፣ ኳሱን ለቀቀው። ኳሱ ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄደ። ገደል ገባ ስል አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ወደ መሐል ታጠፈና አሥሩንም ጠራረገ። አሥሩን በአንድ ውርወራ መጣል ስትራይክ ይባላል። ያሬድ በተከታታይ ሰባት ጣለ። አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ያን ቀን በቦውሊንግ ተለከፍኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሁለት ዓመት ከጀርባ ከሠራሁ በኋላ ሮዛ ወሰደችኝ። ሮዛ በመግቢያው በኩል ያለችው የኳስ መብሻ ሱቅ ባለቤት ናት። በስድሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ቃል የማታባክን ሴት። በሱቁ ደረጃ አለ። መጀመሪያ አቧራ ትጠርጋለህ። ቀጥሎ ያረጀ ቀዳዳ በሙጫ ትሞላለህ። ከዚያ እጅ ትለካለህ። መሰርሰሪያውን የምትነካው በመጨረሻ ነው። እኔ ለአንድ ዓመት ሙሉ የበሳሁት የተጣለ ኳስ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ለመዝናናት የመጣ ሰው የቤቱን ኳስ ያነሣል፣ ጣቱ ከገባ ይበቃዋል። የባለሙያ ኳስ ግን ለአንድ እጅ ብቻ ይበሳል። ሁለት ጣትና አውራ ጣት። ከሁሉም የሚከብደው አውራ ጣት ነው፤ ከኳሱ ቀድሞ መውጣት ያለበት እሱ ነውና። ቀዳዳው ከጠበበ ጣቱ ይዘገያል። ከሰፋ ወርዋሪው ሳይፈልግ ኳሱ ከእጁ ይወድቃል፤ እንዳይወድቅበት ሲጨብጠው ደግሞ አቅጣጫው ይበላሻል። ስለዚህ በአውራ ጣት ቦታ ተነቃይ የፕላስቲክ ቱቦ እንከታለን። ቱቦው የጣቱን ልክ ይበሳል፤ ጥቂት ለማጥበብ ውስጡ ቴፕ ይለጠፋል።

በእነዚህ ዓመታት ያሬድ የጭነት መኪናውን ትቶ የባለሙያዎቹ ዙር ውስጥ ገባ። ከከተማ ከተማ እየዞረ በቴሌቪዥን ከሚታዩት ጋር ወረወረ። በአምስት የውድድር ዘመን ሦስት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ አልወጣም። ኳስ የሚሰጠው ኩባንያ የራሱ በሺ አለው። ቴሪ ይባላል፤ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። በእሱ አስበሳ ብለው ብዙ ጊዜ ነግረውታል። ያሬድ «የእኔን ኳስ የሚበሳው አቡሽ ነው» ብሎ አለፈ። ይህን ሲል ሰምቼ ሦስት ቀን መሬት አልረገጥኩም።

በስድስተኛው ዓመት በገና ማግስት ሱቅ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋልኝ። «ዘንድሮ አንድ ካላሸነፍኩ ወደ ወደቡ እመለሳለሁ። ለእማዬም ነግሬያታለሁ» አለኝ። ጣቱን ለካሁት። ስድስት ኳስ በሳሁለት፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቱቦ። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ አልሠራሁም። ሮዛ እንኳ በጣቷ ዳስሳ «እም» አለች።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ገና ነበር። ቤታችን ለሁለት ሳምንት ዶሮና ቅቤ ነው። እኔ የለካሁት የበዓል እጅ ነው።

ያሬድ ጾም አይሽርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም፣ ሥጋና ወተት አይነካም። ውድድር ላይም ቢሆን እንደዚያው ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱ ትልልቅ ውድድሮቻችን በጾሙ መጨረሻ ላይ ወደቁ፤ መጀመሪያ ኮንኮርድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳን ሆዜ።

ኮንኮርድ ላይ ኳሱ ከእጁ ቀድሞ መውረድ ጀመረ። በየመሐሉ እየመጣ «ሰፋብኝ» ይለኝ ነበር። ሁለት ቴፕ ለጠፍኩ። «አሁንም ሰፊ ነው» አለ። የጣቱን ቁጥር እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ። ሥራዬ ንጹሕ ነው። «ቀዳዳው ልክ ነው። ስትለቀው የእጅ አንጓህን ታጥፋለህ» አልኩት። አመነኝ። በመጀመሪያው ቀን ተሰናበተ።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንጓውን ሲያስተካክል ከረመ። ሳን ሆዜ ስንደርስ ዓርብና ቅዳሜ እየተንገዳገደ አምስተኛ ሆኖ አለፈ። የመጨረሻው ቀን መሰላል ነው። አምስተኛው ከአራተኛው ይገጥማል፣ ያሸነፈው ከሦስተኛው፣ እንዲያ እያለ እስከ አንደኛው። ያሬድ ዋንጫውን ለመውሰድ አራት ሰው በተከታታይ ማሸነፍ አለበት።

ያ እሑድ ሆሳዕና ነበር። ውድድሩ ከቀትር በኋላ ስለሆነ በሌሊቱ ተነሥተን ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዘንባባ ከታደለ በኋላ እማማ ለተብርሃን ጠሩን። እማማ ከአስመራ የመጡ አሮጊት ናቸው። በየዓመቱ በር ላይ ተቀምጠው ለልጆች የዘንባባ ቀለበት ያስራሉ፤ ለያሬድም ያስራሉ።

«ና እስቲ ሻምፒዮን» አሉት።

«ገና አልሆንኩም እማማ።»

«እኔ ካልኩህ ሆነሃል። እጅህን አምጣ፣ ወረፋ አታስይዘኝ።»

አሰሩለት። እጁን ዝቅ ሲያደርግ ቀለበቱ ሾልኮ መሬት ወደቀ። እማማ ቀለበቱን አዩ፣ ጣቱን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ጣትህን የት ጣልከው? ልኩ ያምናው ነው። እኔ እኮ በዓይኔ አልሳሳትም።»

«ጾም ነው እማማ» አለ ያሬድ እየሳቀ።

«ኧረ ተወኝ፤ አምናም ጾም ነበር። ዘንድሮ አብዝተኸዋል። እስከ ጣትህ ድረስ ነው እንዴ የምትጾመው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያሬድን በክንዱ ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኩት። መለኪያውን፣ በቁጥር የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያሉትን ሰሌዳ፣ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገና ላይ የለካሁበት ቀዳዳ ውስጥ አውራ ጣቱን ከተተ። ተወዛወዘ። ቀጣዩ ጠባብ ውስጥም ገባ። የሚይዘው ሦስተኛው ነበር። ሁለት ቁጥር ወርዷል። በቴፕ የሚሞላ አይደለም።

«ኮንኮርድ ላይ አንጓህ ነው አላልከኝም?» አለ።

«ብዬሃለሁ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አንጓዬን ስሠራ ነበር አቡሽ።»

«አውቃለሁ።»

መኪናውን አስነሣ። ፍሪሞንት ስንደርስ ሮዛን በስፒከር ኮል አደረግኩላት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ራሴን ሳልከላከል። ሮዛ «ሁለት ቁጥር አታውርድ» አለች። «ሲወረውር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጣቱ ያብጣል። አንድ ብቻ አውርድና የቀረውን በቴፕ ሙላው። ባበጠ ቁጥር አንድ አንድ ታነሣለህ።» ከዚያ «ጩኸትህን ደግሞ ቀንስ» ብላ ዘጋችው።

ያሬድ ሰምቷል። መንገዱን እያየ «በል ሥራህን ሥራ» አለኝ። ይቅር እንዳለኝ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ሳን ሆዜ ስንደርስ በቀጥታ ወደ መብሻው ክፍል ሮጥኩ። ቴሪ ቡና እየጠጣ ነበር። ማሽኑን ለሃያ ደቂቃ እንዲያውሰኝ ለመንኩት። «በመጨረሻው ቀን ቱቦ ትቀይራለህ? አብደሃል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ተነሣልኝ። ለሁለት ኳስ ሁለት ቱቦ በሳሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ዳኛው ኳሶቹን አይቶ አለፋቸው። ሦስት ሦስት ቴፕ ለጠፍኩ።

ያሬድ አንድ የልምምድ ኳስ ወረወረ። ከእጁ ሲለቀቅ አጭር «ጧ» የምትል ድምፅ አለች፤ አውራ ጣት በልኩ ሲወጣ የሚሰማ። ከገና ወዲህ አልሰማኋትም ነበር። ዞሮ አየኝ። ጥርሱ ታየ።

የመጀመሪያውን ሰው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ወደ እኔ መጥቶ «ጠበበ» አለ። አንድ ቴፕ በመቆንጠጫ አነሣሁ። ሁለተኛውን አሸነፈ። «ጠበበ።» ሌላ አነሣሁ። ሦስተኛው ጨዋታ እኩል ለእኩል ሲሄድ ቆይቶ ሰውየው ሁለት ፒን ግራና ቀኝ ተራርቀው ቀሩበት፤ እሱንም አለፈ። ከኋላዬ ከኦክላንድ የመጡ ልጆች፣ የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው እንዳለ፣ «ያሬድ! ያሬድ!» ይላሉ። የአሜሪካኖቹ ወንበርም አብሯቸው መጮህ ጀመረ። ያሬድ እጁን ዘረጋልኝ። የመጨረሻዋን ቴፕ አነሣሁ። ከዚህ በላይ ካበጠ የማደርግለት የለኝም፤ ነገርኩት። «ይበቃል» አለ።

በአንደኝነት አልፎ የሚጠብቀው ሰው ግራኝ ነው፤ ዓይኑን የማይሰብር። እሱ ጨርሶ ተቀመጠ። ያሬድ በመጨረሻው ፍሬም፣ በአሥረኛው ተራው፣ ሁለት ስትራይክ፣ ከዚያ ቢያንስ ስምንት ፒን ያስፈልገዋል። አንደኛውን ወረወረ፤ አሥሩም ወዲያው ጠፉ። ሁለተኛው ቀጭን መታ፤ የፊቱን ፒን ጠርዝ ብቻ ነካ። አንዱ ፒን በጎኑ እየተንከባለለ መጣና የቀረውን የመጨረሻ ፒን ገፍቶ ጣለው። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው የዕለቱ ክፉ ኳስ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጭብጥ በሶ ብቻ ነው የቀመሰው፤ እግሩ ተጎተተ። ኳሱ ወፍራም መታ፤ የፊቱ ፒን መሐል ላይ አረፈ። ቆጠርኩ። ሁለት ፒን ቆመው ቀሩ፣ ስምንት ወድቋል። በአንድ ፒን አሸነፈ።

ለእናታችን ስልክ ስደውልላት «አሸነፈ እማዬ» አልኳት። «ተመስገን። በልቷል?» አለችኝ።

ወደ ወደቡ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዋንጫ ጨመረ። ባለፈው በልግ ቤቱ ውስጥ ልቡ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ለአንድ ወር መሰርሰሪያ አልነካሁም። ከዚያ ሮዛ ደውላ «ሰው ቆሞ እየጠበቀህ ነው» አለችኝ፤ ሄድኩ።

ቴሪ በቀብሩ ላይ ያን ቀን ያደረግኩትን ጠየቀኝ። የተለየ ዘዴ ያለኝ መስሎት ነበር። «በዚያው ጠዋት ለካሁት» አልኩት። «ያ ብቻ?» አለ። ያ ብቻ ነው።

አሁን በሱቃችን የመለኪያ ካርድ ላይ የቀን መስመር ጨምሬያለሁ። ከሥሩ ጾም ወይም ፍስክ እጽፋለሁ፤ ሙስሊም ደንበኞቼንም ረመዳን መቼ እንደሚገባ እጠይቃለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። እጅ ይለወጣል። የለካችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ከውድድር በፊት እንደገና ለኩ። ደንበኛው ሰፋብኝ ካላችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ቁጥር መርምሩ።