አብረን ልንበላው የነበረው አጋዘን

ፍሪዘራችን ሁለት መደርደሪያ አለው። የላይኛው የባሌ ነበር፣ የታችኛው የእኔ። እሱ ሥጋውን ከሐላል ሱቅ ያመጣል፤ እኔ ደግሞ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሐበሻ ሥጋ ቤት እገዛለሁ። ቢላችን ሁለት፣ መክተፊያችን ሁለት፣ የወጥ ድስታችን ሁለት። ወሎ ለተወለደ ሰው ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ደሴ የእኛንና የእነሱን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነበር። ድግስ ሲሆን አንዱን በግ የእኛ ሰው ያርዳል፣ ሌላውን የእነሱ ሰው፤ ከዚያ ሁሉም በየወገኑ ይቆርስና በአንድ ዳስ ይጫወታል። እኛ ስንጋባ ያንን ድግስ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ወዳለው አፓርትመንታችን ይዘን ገባን ማለት ነው። ምስር አብረን በልተናል፣ ዓሣ አብረን በልተናል። በትዳራችን ሁሉ ግን ከአንድ ሰሃን የበላነው ሥጋ የለም። ከሥጋዬ ቅመሺ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ብዬው አላውቅም። ቅር የተሰኘንበትም ቀን አልነበረም። ኑሯችን እንደዚያ ነበር።

ቀስቱን ወደ ቤታችን ያመጣው ይኸው የሥጋ ነገር ነው።

ባሌ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ። ምሳ አብሮት የሚበላ አንድ ጡረታው የደረሰ የቴክሳስ ሰው ነበር። እኛ በመካከላችን «ጋሼ» እንለው ነበርና አንድ ቀን ባሌ ፊት ለፊት እንደዚያ ቢጠራው «አቤት» እንደ ማለት ዞር አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሆኖ ቀረ። ጋሼ በየመኸሩ በቀስት የገደለውን አጋዘን አድርቆ ያመጣና ያቀርብለታል። ባሌ ሁልጊዜ በትህትና ይመልሰዋል። ሰውየው ጣዕሙን ጠልቶ መስሎት ቅመም እየለዋወጠ ያመጣለት ነበር። በመጨረሻ ባሌ፣ ችግሩ ቅመሙ ሳይሆን ያረደው ሰው እንደሆነ ነገረው። ጋሼ አሰብ አድርጎ፣ ታዲያ ለምን ራስህ አታድነውም አለው። አሮጌ ቀስቱን በርካሽ ሸጠለት።

ቀስቱን ሳሎን ውስጥ ሳየው የፋብሪካ ዕቃ መሰለኝ። ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር ያለበት፣ ገመዱ ከወዲያ ወዲህ የተመላለሰ ነገር ነው። እኔ ቀስት ሲባል የማውቀው የታጠፈ እንጨት ነበር።

«ደሴ ዶሮ ያመለጠህ ሰውዬ፣ አሁን አጋዘን ልትይዝ?» አልኩት።

«ያኔ ባዶ እጄን ነበርኩ» አለ። «ዶሮዋም ታውቅ ነበር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማው መናፈሻ እንሄድ ጀመር፤ ገለባ መሰል ዒላማ የተደረደረበት የቀስት መለማመጃ አለ። ጋሼ ለጥቂት ሳምንታት እየመጣ አሳየው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውን ተሳሳተ። ቀስቱን እንደ መዶሻ ጨብጦ ያዘው፣ ክንዱን አግድሞ ዘረጋው፣ ገመዱም ሲመለስ የክንዱን ውስጥ እየገረፈ አበለዘው። ሲተኩስ ፍላጻው የት እንደሄደ ለማየት ራሱን ቀና ያደርጋል፤ በዚህ ምክንያት ፍላጻው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሣር ውስጥ ጎንበስ ብለን ፍላጻ የምንፈልግበት ጊዜ ከምንተኩስበት ይበልጥ ነበር። እኔ መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ተነሥቼ ሞከርኩ። መሳብ አቃተኝ። እሱ ሳቀብኝ። «አብሽሪ» አለ፣ «ቀስቱን ላንቺም እናላላልሻለን።»

ለአደን ፈቃድ የሚያስፈልገውን ትምህርት በኮምፒውተር አብረን ወሰድን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። እንስሳውን ከመታህ በኋላ አትከተለው ይላል፤ ባለህበት ተቀመጥ። የቆሰለ አጋዘን ካላባረሩት ቅርብ ቦታ ፈልጎ ይተኛና እዚያው ይሞታል። ካባረሩት ግን ባለ በሌለ ኃይሉ ይሄዳል፣ ሰው በማያገኘውም ቦታ ይሞታል። ባሌ እዚህ ላይ አስቆመኝ። «ሞቶ ካገኘሁትስ?» አለ። በማግስቱ የሚያውቀው ኡስታዝ ጋ ደወለ። ፍላጻውን ስትለቅ ቢስሚላህ ካልክ ሞቶ ብታገኘውም ይበላል ተብሎ ደስ ብሎት መጣ። እንግዲህ እሱ እስከተኮሰ ድረስ መጠበቁ ችግር አልነበረውም።

ያን ዓመት አደኑ ሳይደርስለት ወቅቱ አለፈ። በሚቀጥለው ጸደይ ጎኑን ያመው ጀመር። ሐኪሞቹ ጉበቱ ላይ ካንሰር አገኙ።

ቀስቱ ላይ፣ ከላይና ከታች፣ ሁለት ብሎኖች አሉ። ወደ ግራ ሲዞሩ ቀስቱ ይላላል፣ ለመሳብም ይቀላል። ኬሞ ከጀመረ በኋላ መናፈሻ በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ብሎኖቹን ማላላት ሆነ። ሲያደርገው አያየኝም። እኔም ፍላጻ የምቆጥር መስዬ ዞር እላለሁ። ፀጉሩ ሄደ፣ ሱሪው ሰፋ፣ ቀስቱም ከእሱ ጋር እየደከመ መጣ። በበጋው መጨረሻ ብሎኖቹ ከዚያ በላይ ሊዞሩ የማይችሉበት ላይ ደረሱ። እኔ ያለ ችግር የምስበው ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ገመዱን እስከ ግማሽ ስቦ ከዚያ ማለፍ አቃተው። አልለቀቀውም፤ ቀስ አድርጎ መለሰውና ቀስቱን ለእኔ አቀበለኝ። ስንመለስ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለን ነው የተናገረው።

«አንቺ ትመቺዋለሽ። እኔ አርደዋለሁ።»

«እሺ።»

«ካረድኩት ትበያለሽ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ። በዚህ ሁሉ ዓመት የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እበላለሁ» አልኩት።

«የንስሐ አባትሽ ይቆጡሻል።»

«ይቆጡኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አላሰበም ማለት እችላለሁ። ምግብ አይወርድለትም ነበር፤ ስለዚያ ሥጋ ግን እንዴት እንደሚጠበስ፣ ሚጥሚጣው ምን ያህል እንደሚሆን፣ በየትኛው ሰሃን እንደምንበላ ያወራ ነበር። ትልቁን ሰሃን እንዳወጣ አደረገኝ። ካራውን ከሻንጣ አውጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲስለው ሰነበተ። የብረቱ ድምፅ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት ይሰማል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ፍላጻውም የእኔ ነው፤ ስለዚህ እንስሳው ሳይሞት ደርሶ ካላረደው አይበላውም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ጮክ ብለን ግን አልተነጋገርንበትም።

ጋሼ ከዴንተን ከተማ በላይ ትንሽ መሬት አለው፤ የደረቀ ወንዝ ዳር የዋርካ ያህል የሰፉ ዛፎች የቆሙበት። ባሌ አዳኝ የሚያደፍጥበት ማማ ላይ መውጣት ስለማይችል ጋሼ መሬት ላይ ድንኳን ተከለልን፣ ሁለት ተጣጣፊ ወንበርም አኖረ። ጋሼ ራሱ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ብርድ ነበር። ባሌ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ በድሮ ሽርጡ የጠቀለለውን ካራ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር።

ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል አንዲት ሴት አጋዘን ከዛፎቹ ወጣች። ትግጣለች፣ ቀና ትላለች፣ ትግጣለች። እስክትዞር ጠበቅሁ። ሳብኩ፣ አውራ ጣቴን መንጋጋዬ ላይ አሳረፍኩ፣ ለቀቅሁ። እርጥብ ከረጢት የተመታ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጀርባዋን አጎበጠች፣ ጥቂት ሮጠች፣ ከዚያ በእርምጃ ሄዳ ከረጅሙ ሣር ውስጥ ገባች። ፍላጻው ካሰብኩት ወደ ኋላ እንደ ገባ አየሁ።

ባሌ ካራውን ከሽርጡ ፈትቶ ተነሣ። እጅጌውን ያዝኩት።

«ተቀመጥ። ተብለናል እኮ።»

«ሞታ ካገኘኋት ምን ላደርጋት ነው?»

እጁን አስለቀቀኝና ወጣ። ሮጬ ልይዘው እችል ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ወር እንደዚያ ሲራመድ አላየሁትም። ብርድ ልብሱ ወድቆለት፣ ካራውን ወደ ታች ይዞ፣ ቢስሚላህ ቢስሚላህ እያለ በሣሩ ውስጥ ይሄድ ነበር። ተከተልኩት።

ቅርብ ነበረች። ወንዙ አፋፍ ላይ እግሮቿን አጥፋ ተኝታለች፣ ራሷ ግን ቀና ብሏል። አየችው። እሱም አያት፣ እርምጃውንም ፈጠን አደረገ። ያኔ ተነሣች። ከየት ባመጣችው ኃይል እንደሆነ አላውቅም፣ ወንዙን ተሻግራ የጎረቤቱን አጥር ዘለለች። የደም ጠብታ እያየን እስከ አጥሩ ሄድን፤ ከአጥሩ ማዶ ጠብታው እየራቀ፣ እየራቀ፣ ጠፋ። ባሌ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጋሼ መጥቶ የወደቀውን ፍላጻ አንሥቶ አየ፣ አሸተተው፣ ደሙ ጥቁር ነው አለ። ጉበቷን ነው የተመታችው፤ እንደዚህ የተመታች ብትተው ኖሮ እዚያው በጸጥታ ትሞት ነበር አለ። ባሌ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

«ጉበቷን» አለኝ በአማርኛ። «ሰማሽ? ጉበቷን።» እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ጋሼ አልወቀሰንም። ከጎረቤቱ አስፈቅዶ እስኪመሽ ፈለጋት። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለና እንዳገኛት፣ ቀበሮዎች ግን ቀድመው እንደ ደረሱ ነገረኝ። ለባሌ ነገርኩት።

«ሪዝቃቸው ነበረች፣ አላህ ለእነሱ የጻፋት» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትልቁን ሰሃን ወደ ቦታው መለስኩት።

ሌላ ጠዋት አላገኘንም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ወንዶቹ አጥበው ገንዘው ወሰዱት፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆምኩ። ለቅሶው ቤት የእሱ ወገኖች ምግብ ይዘው መጡ፣ የእኔም ወገኖች ይዘው መጡ፤ ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ተዘረጋ። ሰዎቹ ከሁለቱም ብዪ ብዪ ይሉኛል፣ እኔ የቱም ጋ አልቀረብኩም። ከላይኛው መደርደሪያ የቀረውን ሥጋ መጣልም መብላትም ስላቃተኝ ጓደኛውን ጠርቼ ሰጠሁት። ባዶው ቦታ በረዶ ሠራ።

በመኸር ጋሼ ደውሎ ትመጫለሽ ወይ አለኝ። ሄድኩ። ብሎኖቹን አልነካኋቸውም፤ እሱ ባቆማቸው ላይ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱም ወንበሮች ነበሩ፣ የእሱን አላጠፍኩትም። አጋዘኗ ስትመጣ እንደ ተማርኩት አደረግሁ። ከመልቀቄ በፊት የእሱን ቃል አልኩ፣ ከዚያ የእኔን። ከእኔ አፍ ይቆጠር እንደሆነ ኡስታዙን አልጠየቅኩም። ፍላጻው ከትከሻዋ ኋላ ገባ። ሣሩ ውስጥ ገብታ ከዓይኔ ጠፋች።

ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ካዘዘው በላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ጤዛው ደረቀ፣ የሆነ ወፍ መጥቶ ሄደ። የምደርስለትም፣ የሚያስቸኩለኝም ሰው አልነበረም።

ሳገኛት ሞታ ነበር፣ ዓይኖቿ ተከፍተው፤ አንዱ ላይ ጉንዳን ይሄድ ነበር። ካራውን ይዤ ነበርና አንገቷ ላይ አሳረፍኩት፣ ሳብኩት። ስለቱ ጥሩ ነበር። ደም አልወጣም ማለት ይቻላል።

ጋሼ ገፍፎ ቆራርጦ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ጥቂቱን ባሌ እንዳለው ጠበስኩት፣ በእሱ ድስት። ሥጋው ስብ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ትንሽም ብረት ብረት ይላል። ትልቁን ሰሃን አወረድኩ። በላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን በረዶ ፍቄ የቀረውን ሥጋ እዚያ አስቀመጥኩት። ከዚያ ከጠረጴዛው በስተቀኝ፣ ሁልጊዜ በምቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። እበላለሁ ብዬው ነበር፤ በላሁ።