ኡሙሃኒ የካደቻት ውሻ

ቆቦ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ገብቶ ኡሙሃኒን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ከሮቢት በታች ካለው ቆላ የቅቤ ቅሏን አዝላ ስትመጣ ድምፅዋ ይቀድማታል። ገና ከአስፋልቱ ማዶ ሳለች፣ «እናንተ! ዛሬም አላችሁ?» ብላ ትጮሃለች። ገበያተኛውም፣ «አንች ካለሽ እኛ ምን እንሆናለን!» ይላታል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው፣ በ1974 ዓ.ም. ይህችው ሴት ሳል ሳያቋርጣት አንድ ነገር ተናግራ መጨረስ ያቅታት ነበር ቢሉት አያምንም።

ሳሉ የጀመራት ማሽላው ሲወቃ ነው። መጀመሪያ የእብቁ ብናኝ ነው ተባለ። ብናኙ አልፎ፣ ክረምቱ ገብቶም አልለቀቃትም። እንዲያውም በቀኝ ጎኗ ድንጋይ የታቀፈች ያህል ይከብዳት ጀመር። አንድ ቀን አክታዋ ላይ ደም ታየ። በቃ፣ ያን ጊዜ መንደሩ ፈረደ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ከመንደር መንደር እየዞረ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበርና እሱም ያንኑ አለ። መቀመጫዋ እስኪያብጥ ወጋት፤ ለውጥ የለም። አማቷ የምትጠጣበትን ጣሳ ለብቻ ለዩት። ይህስ ባልከፋ፤ ገና ድክ ድክ የምትለውን ልጇን ራህመትን፣ «ትንፋሽሽ ያገኛታል» ብለው ጎረቤት አስቀመጡባት። ልጅቱ በአጥሩ ቀዳዳ «እማ!» ስትላት ኡሙሃኒ አፏን በሻሿ ይዛ ፊቷን ታዞራለች።

ባሏ አራጌ ብዙ የማይናገር፣ የተናገረ ቀን ግን የማይሆን ቦታ ላይ የሚናገር ሰው ነው። ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የነፃ ሕክምና ወረቀትና የይለፍ ወረቀት አስጽፎ በአውቶቡስ ደሴ ይዟት ወጣ። መንገድ ላይ ኬላ አስቁሟቸው ወታደሩ ለፍተሻ ሲገባ፣ ኡሙሃኒን ሳሏ ጀመራት። ወታደሩ አፍንጫውን ይዞ፣ «እለፉ፣ እለፉ!» አለ። አራጌ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ይህ ሳልሽ ዛሬ ብቻ ጠቀመን» አላት። ስትስቅ ደግሞ ባሰባት።

ሆስፒታል ተኝታ አክታዋ ሲመረመር የነቀርሳው ተሐዋስ አልተገኘበትም። ራጅ ትነሣ ተባለ። ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ፊት አቆሟት፤ «ተንፍሺ፣ ሳቢ፣ ያዢው!» አሏት፤ ፊት ለፊት አነሷት፣ በጎንም አነሷት። ዶክተር ጌታሁን፣ ትምህርቱን ውጭ አገር ጨርሶ በቅርብ የተመለሰ ሐኪም፣ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየው። በጥቁሩ ሳንባ ውስጥ በብርጭቆ አፍ ተከቦ የተሳለ የመሰለ ነጭ ክብ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ዶክተር?» አለች።

«ራጁ ክብ ነገር እንዳለ ነግሮኛል፤ ውስጡ ውሃ ይሁን ሥጋ ግን አይነግረኝም። ሁለቱም ነጭ ሆነው ነው የሚታዩት» አላት። «እኔ የተማርኩበት አገር ሲቲ ስካን የሚሉት ማሽን አለ። የሰውን ደረት ምላጭ ሳያስነካ እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ በስሱ ቆርሶ ያሳያል፤ ውሃውን ከሥጋው ይለያል። እኛ እሱ የለንም። ስለዚህ ማሽኑን የምጠይቀውን አንችን ልጠይቅሽ። ውሃ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ትድኛለሽ። ሥጋ ከሆነ ግን ከባድ ነው።»

«ጠይቁኝ።»

«ቤታችሁ ውሻ አለ?»

ኡሙሃኒ ደነገጠች። አጠገቡ ትሪ ይዞ የቆመው ቁስል አሻጊው፣ ድሬሰር አሊ ነው፤ የጎብዬ ልጅ፣ አባቱ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሼህ ናቸው። በእሱ ፊት!

«አስተግፊሩላህ! እኛ እኮ እስላሞች ነን። ውሻ ከኛ ቤት ምን ይሠራል?»

«በልጅነትሽስ? ከውሻ ጋር አላደግሽም?»

«በልጅነቴም!»

ዶክተሩ ፊልሙን እንደገና አየና ቀስ ብሎ ከመስኮቱ አወረደው። «እንግዲያው ውሃ አይመስልም። ነገ ጠዋት በጎንሽ በኩል መርፌ አስገብተን ትንሽ ቀንሰን እናያለን» ብሎ ወጣ።

እሷ ያላወቀችው ነገር ይህ ነው፤ ያ የውሃ ከረጢት ዘሩ ከውሻ ነው የሚመጣው። ደግሞም በመርፌ ከተወጋ ውሃው እዚያው ውስጥ ፈስሶ ሰውን በቆመበት ሊገድል ይችላል። ሐኪሙ ስለ ውሻ የጠየቃት ለዚሁ ነበር። ኡሙሃኒ ከሐፍረት ያመለጠች መስሏት መርፌውን በገዛ አፏ ጠራችው።

ከሰዓት በኋላ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ አራጌ መጣ። በመሐል ቀዬ ደርሶ መመለሱ ነበር። ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው አስካለ የምትባል የደጋ ሴት ናት፤ እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው።

«አገር ደህና ነው?» አለች ኡሙሃኒ።

«አልሃምዱሊላህ። ራህመት ደህና ናት። ላሟም ደህና። ዳማ ብቻ ናት እህል አልቀምስ ያለች። ደጃፍ ተጋድማ የሄድሽበትን መንገድ ስታይ ነው የምትውል።»

አስካለ አንገቷን አቀናች። «እኔን! ዳማ ትልቋ ልጃችሁ ናት?»

«ኧረ ውሻችን ናት» አለ አራጌ።

ኡሙሃኒ ዓይኗን ጨፈነች። አስካለ ጀሶዋን እየደገፈች ሳቀች። «አንች! ‹አስተግፊሩላህ!› ብለሽ ክፍሉን አናውጠሽው ሳታበቂ! እኔማ ውሻ ያየሽም አልመሰለኝ።»

«ቀስ በይ፣ የሰው ያለህ!»

«ሐኪም እኮ ነው የጠየቀሽ፤ ለባል ሊድርሽ መሰለሽ? ንገሪው እንጂ።»

«በአሊ ፊት? የሼሁ ልጅ እኮ ነው። በልጅነቴማ የዳማን እናት ወይም የእናቷን እናት እኔ በጠጣሁበት ቅል ነው አጠጣ የነበረው። ይህን ሰምቶ አገር ቢያወራብኝስ?»

«ይልቅ ሞተሽ ቢያወራብሽ ይሻልሻል?»

አራጌ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ አንዷን ያያል፣ ሌላዋን ያያል። በዚህ መሐል አሊ ሙቀት ሊለካ ገባ። ኡሙሃኒ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ዙሪያውን ዞረችበት፣ በቀጥታ ማለት አቃታት።

«አሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውሻ ያሳደገ ሰው… ሰላቱ ይያዝለታል?»

አሊ ሳቀ። «ለከብት ጠባቂነት የተያዘ ውሻን ማን ከለከለ? ምራቁ የነካሽን ታጥቢያለሽ እንጂ። ያ የጎብዬ ጅብ ያለ ውሻ ይቻላል እንዴ! አባቴ ራሳቸው ቡሬ የሚባል ውሻ ነበራቸው። ‹ቡሬ ከሌለ ጅቡ ፍየሎቹን ይጨርስና እኔም ደረሳዎቼም ፆማችንን እናድራለን› ይሉ ነበር።»

«አባትህ? ሼህዬ?»

«እሳቸው። ምነው ጠየቅሽኝ?»

ኡሙሃኒ አራጌን አየች፤ አስካለን አየች። «እኛም ቤት አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ከውሻ ጋር ነው የኖርኩት። ዋሽቻለሁ።»

አሊ የሙቀት መለኪያውን አፏ ውስጥ ከትቶ እየተጣደፈ ወጣ። በኮሪደሩ ሲሮጥ ነጠላ ጫማው ሲጠፈጠፍ ይሰማል። «አሁን አገር ሊያወራብሽ ሄደ» አለች አስካለ። ኡሙሃኒ መለኪያውን ነክሳ መሳቅም ማልቀስም አልቻለችም።

ዶክተር ጌታሁን ወደ ቤቱ ሊሄድ ጋወኑን አውልቆ ነበር፤ ፊልሙን በእጁ እንደያዘ መጣ። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እስቲ ከመጀመሪያው አጫውቺኝ» አላት። አጫወተችው። እናቷን ጅብ የበላባትን ቡችላ በፍየል ወተት እንዳሳደገች፤ ሲተኙ እግሯ ሥር እንደምትጠቀለል። በግ ሲታረድ ሳንባው ላይ የውሃ እባጭ ከተገኘ፣ «ይህ ለሰው አይሆንም» ብለው ለውሻዋ እንደሚጥሉላት።

«በጥሬው?»

«ለውሻ ማን ይቀቅላል?»

ዶክተሩ ነጩን ክብ በጣቱ ዞረው። «በጉ ላይ የምታይው እባጭ ይኸውልሽ፤ ካንቺ ዘንድ ያለው እሱው ነው። ከበጉ ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ሰው ይዞራል። ነገ መርፌ የለም። አዲስ አበባ የደረት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ነው የምልክሽ።» ቀጠለና፣ «ነቀርሳም አይደለም። ልጅሽን ታቅፈሽ መሳም ትችያለሽ» አላት። የኋለኛውን ደጋግሞ እንዲነግራት አደረገች፤ አራጌ እንዲሰማ፣ ለእናቱም እንዲነግር።

አዲስ አበባ ደረቷ ተከፍቶ ከረጢቱ ሳይፈነዳ ወጣ። ሐኪሞቹ በጠርሙስ አድርገው አሳዩዋት፤ የተላጠ እንቁላል መስሎ ነጭ፣ ለስላሳ። አራጌ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ይህን ነው እንግዲህ ስንቀልብ የከረምነው!» አለ።

ኡሙሃኒ ስትመለስ ዳማ ከሩቅ አይታት እየበረረች መጣች። ኡሙሃኒም ቆማ ደባበሰቻት፤ ከዚያ እጇን ታጠበች። ራህመትን ግን እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ታቀፈቻት፤ አማቷም ጣሳዋን ከቤቱ ጣሳዎች ጋር መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቆላ በግ ሲታረድ ኡሙሃኒ አትጠፋም። ለአረፋም ለፋሲካም፣ እስላም ክርስቲያን ሳትለይ ደርሳ ሳንባና ጉበቱን ታገላብጣለች። እባጭ ያለበትን በእሳት ታቃጥላለች ወይም ጉድጓድ አስቆፍራ ትቀብራለች። «የሳንባ ቃዲ መጣች!» ይሏታል። «ውሻዬም ቅቅል ነው የምትበላው፤ ከናንተ ትሻላለች!» ትላቸዋለች።

አንድ አረፋ ላይ፣ ገና በቅርቡ የተዳረች ልጅ እባጭ ያለበትን ሳንባ ከአጥር ውጭ ስትወረውር ደረሰችባት። ኡሙሃኒ ሮጣ ከውሻው አፍ ሥር ነጠቀችው።

ሙሽራይቱ ፊቷ ቀልቶ፣ «እኛ ቤት እንኳ ውሻ የለም» አለች። «የጎረቤት ነው።»

ኡሙሃኒ ሳንባውን በእጇ እንደያዘች ሳቀች፤ ሳቋ ሮቢት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«እሱንስ እኔም ብዬ ነበር» አለቻት። «አካፋ አምጪና ነይ፤ እየቆፈርን ላጫውትሽ።»