በረንዳ ላይ የዋለው ዶሮ ወጥ

በሙያዬ የመጣብኝን ሰው አልምርም። ልጄ ግን እዚህ አሜሪካ ተወልዳ ስላደገች ይሄ አይገባትም። የታናሽ ወንድሟን ክርስትና ያከበርን ቀን ማታ፣ የተረፈውን ዶሮ ወጥ ከነድስቱ ወደ በረንዳ ሳወጣ አየችኝና፣ «እማ፣ ኖ። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው» አለችኝ።

ፍሪጁ በለስላሳና በኬክ ተጨናንቋል። ውጭ በረዶ እየጣለ ነው። እዚህ ዴንቨር፣ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ብርድ ሲገባ በረንዳውን ፍሪጅ ያደርገዋል። «እግዜር የሰጠኝን ፍሪጅ ትቼ?» ብዬ ሳቅኩባት። ደግሞስ ዶሮ ወጥ ሲያድር አይደል የሚጣፍጠው?

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ ከዚያ ሃቫና ጎዳና ካሉት ሱቆች ዕቃ ስንገዛ ዋልን። የዴንቨር ፀሐይ ደግሞ አትታመንም፤ ሌሊት በረዶ ጥሎ ያደረበትን አገር ቀን በሸሚዝ ታስኬዳለች። ማታ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ በረንዳው ላይ በረዶ የሚባል አልነበረም። የድስቱ ክዳን እንደ ሰው እጅ ይሞቃል። ልቤ ደንገጥ አለ፣ አልዋሽም። ግን ያን ሁሉ ሽንኩርት ዓይኔ እስኪጠፋ የከተፍኩበት ወጥ ይደፋ? እሳት የማይገድለው ነገር የለም ብዬ ደህና አድርጌ አንተከተክኩት። በእርጎ ዕቃ ቋጥሬ ለወንድሜ ሚስትና ለሥራ ጓደኛዬ ላክኩ። ከታች ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊቷን ጎረቤቴን እትዬን ደግሞ ጠርቼ ገበታዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። በእጄ አጎረስኳቸው።

ሊነጋጋ ሲል እትዬ ደወሉ። ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ነው ያደረው። ኩላሊታቸው ድሮም ደካማ ስለሆነ ውሃ ከሰውነታቸው ካለቀ አደጋ ነው። ወደ ኢመርጀንሲ ይዣቸው በረርኩ፤ አስተርጓሚያቸውም እኔው ሆንኩ።

ዶክተሯ ምን እንደበሉ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው። እትዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ቤቴ የሰነበተ ሽሮ ነው በያት» አሉኝ።

ሽሮ እንዳልበሉ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ያሉኝን ብቻ ብናገር ገበናዬ ተሸፈነ። ዶክተሯ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ቤት ነው የበሉት» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ዶሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ። አሙቄ ያበላኋቸው እኔ ነኝ።» ዶክተሯ ማፍላት ሁሉንም መርዝ እንደማያጠፋ ነገረችኝና መጻፏን ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው መለስ አለ። «ምን አስለፈለፈሽ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም እንዴ የመረዝኩዎት?»

«ኮምጠጥ ብሎኝ ነበር። እንዲያ ደስ ብሎሽ ስታጎርሺኝ እንዴት አድርጌ ልትፋው?» ካሉ በኋላ እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ለሌላ ሰው ቋጥረሻል እንዴ?»

ለካ በራሴ ሳፍርና ራሴን ስወቅስ ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ። ኮሪደር ወጥቼ የወንድሜ ሚስት ጋ ደወልኩ። ቤቷ ሕፃናት አሉ። «ያን ወጥ እንዳትነኩት» አልኳት።

«ማታውኑ ደፍተነዋል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ገና ስንከፍተው ሸተተን።»

የሥራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እሷም ደፍታዋለች።

«ታዲያ ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?» አልኳት፤ በዚያ በሐፍረቴ ላይ ቁጣዬም አልቀረ። «አሮጊቷን አብልቼ ልገድላቸው ነበር እኮ።»

«እንዴት ብዬ?» አለችኝ። «አንቺን በወጥሽ ማን ደፍሮ ይመጣብሻል?»