የሐጂ ሱቅና የነፃ ሕክምናው ወረቀት

በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር የገባሁበት ሥራ ነው። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቃለ ጉባዔ እይዛለሁ፣ ማኅተሙ የሚቀመጥበትን መሳቢያ እቆልፋለሁ። ማኅተም ከሚያርፍባቸው ወረቀቶች ሁሉ ሰው አጥብቆ የሚለማመጥበት የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። ቀበሌው ድሃ ነው ብሎ የመሰከረለት ሰው ሆስፒታል ሳይከፍል ይታከማል።

አንድ እሑድ ጠዋት በቀበሌው የውይይት ክበብ የቀረበው ርእስም ይኸው ነበር፤ የሕክምናና የመድኃኒት ወጪ በማን ይሸፈን? ግማሹ ሰው "አብዮቱ የሁሉም ነው፣ ሁሉም በነፃ ይታከም" አለ። ሌላው "ታዲያ መድኃኒቱን ማን ይገዛዋል?" እያለ ጮኸ። ጩኸቱ በረድ ሲል ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሡ። መካ ደርሰው ስለመጡ ሰፈሩ በሙሉ ሐጂ ይላቸዋል።

"ኤጋ፣ እንግዲህ እኔ የሚመስለኝን ልናገር" አሉ። "ሱቅ ያለን፣ ደመወዝ ያለን፣ ቡና ያለን እንክፈል። ነፃው ወረቀት ለሌለው ይሁን። እኛም ከተሻማነው ለሚስኪኑ ምን ይተርፈዋል?"

ነጋዴ የማይወደው የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ አጨበጨበላቸው። እኔም ቃላቸውን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ።

ክረምቱ ሲከብድ የሐጂ ባለቤት ቢሮ መጡ። ሦስቷን ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። እግራቸው አብጦ ጫማቸው ውስጥ አልገባ ብሎ ነበር። ሐኪም የልብ ሕመም ነው ብሏቸዋል። የፈለጉት የነፃ ሕክምና ወረቀት ነው።

ሊቀመንበሩ ሳቀ። "የሐጂ ባለቤት ለነፃ ሕክምና? እስቲ ያን ቃለ ጉባዔ አንብቢልን" አለኝ።

አነበብኩ። ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ባማረው ጽሑፌ እየተደሰትኩ። "ሱቅ ያለን እንክፈል" የሚለው ላይ ስደርስ ሴትየዋ አንገታቸውን ደፉ።

"እውነት ነው፤ ብሏል" አሉና ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ።

ቀኑን ሙሉ ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ። ከሥራ ስወጣ ሻማ የምገዛ መስዬ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ሴትየዋ ብቻቸውን ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል።

"ሻማ አልቋል፣ ልጄ።"

"እማማ፣ ያው እላይ ካርቶኑ አለ አይደል?" መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በካርቶን ተሞልቷል፤ ሻማ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ብስኩት።

ትንሽ አዩኝ። "እንግዲያው ራስሽ አውርጂው። እኔ አልችልም።"

በርጩማ ላይ ወጣሁ። ከባድ ይሆናል ብዬ ሁለት እጄን አስገብቼ ካርቶኑን ሳብ ሳደርገው እንደ ላባ ተነሣ፤ እኔም ወደ ኋላ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፍኩ። ባዶ ነበር። አጠገቡ ያለውን ነካሁ፤ ባዶ። የሳሙናውም፣ የብስኩቱም ባዶ። ግድግዳውን የሸፈነው ዕቃ ሁሉ ወረቀት ብቻ ነበር።

"የጅምላ ዕቃው ሁሉ ወደ ቀበሌ ሱቅ ከዞረ ወዲህ እንዲህ ነን" አሉ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጠዋት ጠዋት አቧራቸውን ያራግፍና መልሶ ይደረድራቸዋል። የሐጂ ሱቅ ባዶ ነው እንዳይባል። እኔ ቢሮ መምጣቴንም አያውቅም። አደራ፣ እንዳትነግሪው።"

ጠዋት ያነበብኩበት የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ካርቶኑን ወደ ቦታው መልሼ ከበርጩማው ወርጄ ወጣሁ።

ለሊቀመንበሩ ለመናገር ግን ብቻዬን አልደፈርኩም። የሴቶች ማኅበር ተጠሪያችን ቡና መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች፤ ለእሷ ነገርኳት። አላመነችኝም። ሄዳ በዓይኗ ካየች በኋላ በማግስቱ ቢሮ ገብታ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች።

"ባዶ ካርቶን ቆጥረህ ነው ሀብታም ናቸው ያልከው" አለችው። "ሂድና አንዱን አንሣው እስቲ!"

አልሄደም። ማኅተሙን ከእጄ ወስዶ ወረቀቱ ላይ ራሱ መታው።

ወረቀቱን ይዤ ከሐጂ ባለቤት ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ሳያስከፍል አያቸውና መድኃኒት አዘዘላቸው። የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ ማዘዣውን በመስኮቱ መለሰልኝ።

"ይኼ እዚህ የለም። ከውጭ ግዙ።"

"ነፃ ወረቀት አላቸው እኮ!"

"እህቴ፣ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። መድኃኒቱ ነው የሌለው።"

ከተማው ውስጥ ያለው የግል መድኃኒት ቤት የቀበሌ ማኅተም አይቀበልም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ማኅተሙ ራሱ መድኃኒት ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒቱ በገንዘብ የሚገዛ ሲሆን ነገሩን ከሐጂ መደበቅ አልተቻለም። ሰሙ። በሚቀጥለው እሑድ የሰፈሩ እድር ተሰበሰበ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ትልቅ እድር ነበር። ቡና ለቃሚዋ ተነሥታ ጉዳዩን ተናገረች።

"እሳቸው ቢሞቱ የምንሰጠውን አሁን ለመድኃኒት እንስጣቸው። በሕይወት ሳሉ።"

ቤቱ ተናወጠ። "ሟርተኛ!" አሏት። "በሰው ላይ ሞት ትጠሪያለሽ?" የእድሩ ዳኛ ጠረጴዛውን መታ። "እድር ለሞት ነው! የታመመ ሁሉ ከጠየቀን በምን ልንቀብር ነው?" እሷም አልተመለሰችም። "ከቀብሩ በፊትስ? ከቀብሩ በፊት ማን ነው የሚደርስልን?" ክርክሩ እስከ ቀትር ዘለቀ።

በመጨረሻ ሐጂ ቆሙ።

"በደንባችን ከእድር የሚወጣ ሰው ድርሻው ይሰጠዋል። ስሜን ሰርዙና ድርሻዬን ስጡኝ።"

በሕይወቴ በገዛ ፈቃዱ ከእድር የሚወጣ ሰው ሰምቼም አላውቅም ነበር። ዳኛው ራሱ ደንግጦ ተነሣ። "ሐጂ፣ ይተዉ እንጂ! ነገ ማን ይቀብርዎታል?"

"አላህ ያውቃል። ዛሬ ግን እሷ መተንፈስ አቅቷታል።"

ይለምኗቸዋል፣ ደንቡን ይተዉላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ለመኗቸው እንጂ ደንቡን አልተዉም። ጸሐፊው እስክሪብቶ አንሥቶ ስማቸው ላይ መሥመር ሳበ። የሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቻቸው ያንን እያዩ ቁጭ አሉ፤ እኔም አብሬያቸው።

ሐጂ ድርሻቸውን ይዘው በቀጥታ መድኃኒት ቤት ገቡ። የባለቤታቸው የእግር እብጠት ጎደለ፣ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። ሁለት ዓመት ያህል ገበያ ሲወጡ አየኋቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሴትየዋ አረፉ።

እድሩ ድንኳን አልተከለም፣ ለቀብርም አልጠራም። ቡና ለቃሚዋ ግን ቤት ለቤት እየዞረች ጠራች፤ እኔ ከታች በኩል ያለውን ሰፈር ዞርኩላት። ሰው ወጣ። በዝናብ ውስጥ፣ ያለ ድንኳን፣ ከጠበቅነው በላይ ሰው ቆመ። ዳኛውም መጥቶ ከሁሉ ኋላ ቆሞ አየሁት።

ከዚያ በኋላ እድሩ ደንቡን ቀየረ ብል ደስ ባለኝ፤ አልቀየረም። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ሰርቦ ከተማ ከሚኖር ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኔም ማኅተሙ መድኃኒት እንዳልሆነ ካየሁ ወዲህ ሥራው አልጥም ብሎኝ በዓመቱ ቀበሌውን ለቀቅኩ።