ስሙ ሲጠራ የሚረክስ መድኃኒት

በአክስቴ የውስጥ እግር ላይ የወጣው ጥቁር ነጥብ ምስር አክሎ ነበር። ሐኪሙ ቆንጥሮ አስመረመረና የቆዳ ካንሰር ነው፣ ሳይሰራጭ ተቆርጦ ይውጣ ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። እሷ ግን ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር፣ እኛው ሕንፃ ላይ ወደሚኖር መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ሄደች።

ሰውዬው ጎንደር ሳለ ኪንታሮት ያረግፍ ነበር ይባላል። ወደ አዲሱ አገራችን መጥቶ አፉላ ከተማ ሲገባ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ የአገሩን ቅጠል አገኘሁ አለ፤ ያውም ኢንዱስትሪ ቀጠናው አጥር ሥር፣ ከዘይት በርሜሎች አጠገብ። ከብት የማይነካው አረም ሁሉ ለእሱ የጎንደር ቅጠል ነው። የቅጠሉን ነጭ ወተት ሲቀባት ጥቁሩ ቆዳ ተላጠና ቀይ ሥጋ ታየ። ሕንፃው በሙሉ ከነሥሩ ነቀለው ብሎ እልል አለ።

እኔ ያን ዓመት ባዮሎጂ ጀምሬ ነበር። ከዕፅዋት የሚወጡ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የቆዳ ካንሰር ሴሎችን በመስታወት ሳህን ውስጥ እንደሚገድሉ ተምረናል፤ ሴሉ ይኮማተራል፣ ይቆራረጣል፣ ጎረቤቱን ሳይጎዳ ይሞታል። የሰውዬው ወተት ግን እንደ ፍም ያገኘውን የሚያቃጥል ነው፤ ከሥር ያለው ካንሰር ምን ገዶት! ይህንኑ አንገቴን ደፍቼ፣ በጨዋ ደንብ ባስረዳው፣ የንግግሬን መጀመሪያ ብቻ ይዞ «ዩኒቨርሲቲውም መሰከረልኝ» እያለ ደረጃ ለደረጃ አወራ።

በቀጠሮው ቀን አክስቴን ለምርመራ ብቻ ነው ብዬ፣ ለምኜ ወሰድኳት። ሐኪሙ ቁስሉን አየና ምን እንደቀባች ጠየቀ። እየተረጎምኩ ደጋግሜ ጠየቅኳት። አክስቴ ጣሪያውን ታያለች። በእኛ ዘንድ የመድኃኒት ስም ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። በመጨረሻ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ቢላ አላስነካም አለች።

ሐኪሙ እንደሚጠይቅ፣ እሷም እንደማትናገር አውቅ ነበርና ከአጥሩ ሥር የቀነጠብኩትን ቅርንጫፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ወተቱ ገና ይንጠባጠብ ነበር። ሐኪሙ በአገሩ ቋንቋ ሐላቭሉቭ ነው አለ፤ የትም የሚበቅል አረም፣ ወተቱ ዓይን ቢገባ የሚያሳውር።

አክስቴ ቅርንጫፉን ብዙ አየችው።

«በቃ፣ ስሙ ተጠራ። አረከስሽብኝ» አለች። ቀጥላ ጫማዋን አወለቀች። «እንግዲህ ምን ቀረኝ፤ ይቁረጡት።»

ቆረጡት፤ አልተሰራጨም ነበር። ሰውዬው ግን አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ፣ ያቺ ተማሪ ባታረክሰው ኖሮ ያለ ቢላ ትድን ነበር ይላል። የሚያዳምጠው አያጣም። አክስቴም ታምነዋለች፤ ቁስሏ እንደጠገገ ከዘራዋን ይዛ፣ ስለ እኔ ይቅርታ ልትጠይቀው ደረጃውን በእግሯ ወጣች።