ድምፁ የተዘጋ ኪቦርድ

ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ ብል ግማሹ ውሸት ነው። ዘፈኑ ሁሉ ፍላሽ ላይ ተቀድቶ ነው የሚመጣው፤ እኔ የኪቦርዱን ድምፅ ዘግቼ ጣቶቼን እንዳሻቸው አንቀሳቅሳለሁ፣ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ማን ልብ ይላል እያልኩ ስንት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በተተከለ የሠርግ ድንኳን ግን የድሮ አስተማሪዬ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አቃቂ በፋብሪካ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ የነበሩ፣ ጣቴን ይዘው ሙዚቃን በነፃ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አሁን ሸምግለዋል። ዓይናቸውን ከጣቶቼ ላይ አልነቀሉም። ላብ በላብ ሆንኩ፤ እጄን ማቆም ደግሞ አልቻልኩም።

ዘፈኑ ሲያልቅ እንደ ድሮው ትከሻዬን ይዘው፣ «ጆሮዬ ከከዳኝ ቆየ፤ ጣትህን እያየሁ ነው የማዳምጥህ» አሉኝ። ቀጥለው ግራ ገብቷቸው ጠየቁኝ፤ «አንተ ትዝታ እየተጫወትክ፣ ሰዉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚዘለው?»

እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ጨፋሪው ሁሉ እየሰማኝ፣ «ሰዉ ነው የተሳሳተው!» ብዬ ጮህኩ።